እንቆቅልሽ እንዴት ይሠራል? ከሕፃን እስከ አያት አንድ ላይ የሚያጫውት

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ መብራት ድርግም አለ። ስልኮቻችን ባትሪ ጨርሰዋል። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች፣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እኔና ከመንዝ ሊጠይቁን የመጡት አያቴ አለን። ዝም ብለን ጨለማውን ስናይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ «እንቆቅልሽ!» አለች።

«ምን አውቅልሽ!»

«ስሟ ብርሃን፣ ቤቷ ጨለማ።»

ከተማችን ናት። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ልጅቷ የሰማችውን አልደገመችም፣ እዚያው ተቀምጣ ሠራችው። ከዚያ ማታ ወዲህ የቤታችን ጨዋታ የድሮውን እንቆቅልሽ መጠየቅ ብቻ አይደለም፣ አዲስ መሥራትም ሆኗል። እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ደንቡን አስይዙ

ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ለወንድ ሲሆን «እንቆቅልህ» የሚሉም አሉ። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይቀበላል። ይህቺን መቀባበል አትዝለሏት። ትንሽ ልጅ መልሱን ባያውቅም «ምን አውቅልሽ» ብሎ መጮህ ይችላል፣ ያኔ እሱም ተጫዋች ነው ማለት ነው። ደግሞ እኛ አያታችንን ሌላ ጊዜ አንቱ ነው የምንላቸው፣ እንቆቅልሽ ላይ ግን ሁሉም እኩል ነው፣ ልጆቹ ፊት ለፊት «እንቆቅልሽ!» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

መልሱ ከጠፋ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። የጨዋታው ቅመም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ግን ተቻኩሎ መልሱን ይናገርና ያበላሸዋል። እኛ ቤት እንዲህ ይሄዳል፦

«አገር ስጠኝ።»

«አንኮበርን ሰጠሁህ።»

«እሱም ብርድ ነው፣ አልፈልግም!»

«እሺ፣ ሸዋ ሮቢትን።»

«ሸዋ ሮቢት ገብቼ ምን አጥቼ! ፀሐዩን ሞቄ፣ ፓፓያዬን በልቼ፣ በካናቴራ ስንሸራሸር፣ አንተ ደብረ ብርሃን ቀርተህ ጋቢ ደርበህ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል!»

መልሱ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በክረምት ሸዋ ሮቢትን ያገኘ እንደ ንጉሥ ነው የሚያደርገው። ስድቡ ግን ለዛ ይኑረው። በሰው መልክና በሰው ድህነት መቀለድ እኛ ቤት ክልክል ነው።

2. መልሱን ከሁሉም ዓይን ሥር ምረጡ

እንቆቅልሽ ከመልሱ ይጀመራል። መጀመሪያ ዕቃውን ምረጡ፣ ጥያቄው በኋላ ይመጣል። ታዲያ ዕቃው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየው መሆን አለበት።

እኔ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። «ያነበበውን ሁሉ ይጽፋል፣ ፊደል ግን አይቆጥርም» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ፎቶኮፒ ማሽን ነው። በውስጤ ተኩራርቻለሁ። አያቴ ግን ተቆጡ፦ «ይሄ ደግሞ የት አለ? ጓሳ ውስጥ ነው የሚበቅለው? እኔ ያላየሁትን ጠይቀህ አገር ልትወስድ ነው?» ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን፦ ተጠያቂው አይቶት የማያውቀውን የጠየቀ፣ አገሩን ራሱ ይሰጣል። ያን ቀን አንኮበርን አስረከብኩ።

ሶምሶንም የሠራው ይህንኑ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ አለ። አንበሳ ገደለ፣ በኋላ በሬሳው ውስጥ ንብና ማር አገኘ፣ ለአባቱና ለእናቱ እንኳ ከየት እንዳመጣው አልነገረም። ከዚያ በሠርጉ ላይ ለ30 ጎረምሶች ያንን እንቆቅልሽ አድርጎ አቀረበ፣ ለዚያውም በ30 ቀሚስና በ30 ቅያሪ ልብስ ውርርድ። ከበላተኛ መብል፣ ከብርቱ ጣፋጭ ወጣ ማለት ለጆሮ ያምራል። ግን ከእሱ በቀር ያየ ሰው የለም፣ በምን ይፈቱታል? ሙሽራይቱን አስፈራርተው መልሱን አወጡ፣ መጨረሻውም ደም ሆነ። እኔ ብጠየቅ ያ እንቆቅልሽ አይደለም፣ ወጥመድ ነው።

3. ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ተናገሩ

አያቴ ሲመጡ እንዝርታቸውን ይዘው ነው። ቁጭ ባሉበት የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ መንዝ ብርድ ነው፣ ባናውም በርኖሱም ከበጉ ጠጉር ነው የሚወጣው። አንድ ማታ ልጆቹን «በሉ እንዝርቷን እንቆቅልሽ አድርጓት» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ «ቀጭን እንጨት ናት፣ ክር ትሠራለች።» ይሄ እንቆቅልሽ ሳይሆን የትምህርት ቤት መልስ ነው። ማን ይሳሳታል?

ሁለተኛው፦ «እንደ ሰካራም ትሽከረከራለች።» ተሻለ፤ ግን የሚሽከረከር ብዙ ነው፣ ባለሦስት እግሩ ባጃጅም ጎርፍ ላይ ይሽከረከራል።

ከዚያ ልጆቹ ዝም ብለው የአያቴን እጅ አዩ። እንዝርቷ ስትዞር ክሩ ሆዷ ላይ ይጠመጠማል። ባዶ ሆና ነበር የጀመረችው፣ አሁን መሐሏ አብጧል። የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ «ትዞርና ትዞርና ሆዷ ይገፋል፣ ስትወልድ ልጇን እንለብሰዋለን» አለ። አጨበጨብን። አያቴ ሳያቋርጡ እየፈተሉ «በጣም አረዘምከው» አሉና አሳጠሩት፦

«ዞራ ዞራ አረገዘች።»

ቀጥለውም «ይሄማ እኛ ልጆች ሆነን የምንጠያየቀው ነው» አሉ። ግማሽ ሰዓት ለፍተን የድሮው ሰው የደረሰበት ደረስን። ልጁ ትንሽ ከፋው፣ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ መንገዱ ልክ ነው ማለት ነው። ከዚህ ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሲሠራ እዩት፣ ከዚያ ቃል ቀንሱ። አራት አምስት ቃል ይበቃል።

4. ሁለት የማይስማሙ እውነቶችን አጋጩ

ድሮ የሚጠየቁትን ብታዩ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ከውሃ ተወልዶ ውሃ የሚገድለው ማነው? ጨው። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው? ወንዝ። በርም መስኮትም የሌለው ቤት? እንቁላል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ግን መጀመሪያ ሲሰሙት ውሸት ይመስላል።

ስለዚህ ስለ ዕቃችሁ አንድ እውነት ጻፉ፣ ከዚያ «ግን» በሉና ሌላ ፈልጉ። ሻማ ያበራል፣ ግን ያለቅሳል። ጫማ አፍ አለው፣ ግን የሚበላው እግር ነው። ከእኛ አገር ደግሞ ይቺን የሠራናት ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ነው፦

«ተራራ ዋጠኝ፣ ሳያኝክ ተፋኝ።»

የጣርማ በር ዋሻ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ አውቶቡሱ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ጉሙ ይቀበላችኋል፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጆሮ ይደፈናል። ለመንገደኛ ብትጠይቁት ይፈታዋል፣ በዚያ አልፎ ለማያውቅ ግን አትጠይቁት፣ ቁጥር 2ን አስታውሱ።

5. ለማን ነው? እድሜውን እዩ

ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ፣ መልሱ ክፍሉ ውስጥ የሚታይ ይሁን። «አራት እግር አለው፣ አይሄድም» በሉትና እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይፈልገው። ሲያገኘው የሚያሰማው ጩኸት ለብቻው ጨዋታ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እያወቃችሁ ተሸነፉለት፣ አገር ስጡት። ሁልጊዜ የሚሸነፍ ልጅ ሁለተኛ አይጫወትም።

ትንሽ ከፍ ላሉት ጥያቄውን በእጅ የሚነካ አድርጉት። አንድ 5 ሊትርና አንድ 3 ሊትር ጀሪካን ስጧቸውና «ያለ ሌላ መለኪያ 4 ሊትር ውሃ አምጡ» በሏቸው። ዘዴው፦ ባለ 5ቱን ሞልቶ ባለ 3ቱን ከእሱ መሙላት፣ 2 ይቀራል፤ ባለ 3ቱን ደፍቶ ያን 2 እሱ ውስጥ መገልበጥ፤ ባለ 5ቱን እንደገና ሞልቶ ባለ 3ቱ እስኪሞላ መጨመር። 1 ብቻ ይወስዳል፣ 4 ይቀራል። የተደፋውን ለአትክልት ወይም ለማጠቢያ አስቀምጡት። ጫማቸው መራሱ አይቀርም።

የወንዙንም ጥያቄ በሰው አጫውቱት። አንድ ሰው ጅብ፣ በግና የገብስ ነዶ ይዞ ጀማን ሊሻገር ነው፣ ታንኳው ከእሱ ጋር አንድ ብቻ ይይዛል፣ ሰውየው ከሌለ ጅቡ በጉን፣ በጉ ገብሱን ይበላል። አንዱ ልጅ ጅብ፣ አንዱ በግ ይሁን፣ ምንጣፉ ወንዝ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጣበቀው አንዴ የተሻገረ ነገር መመለስ አለበት ብሎ ስለማያስብ ነው። በጉን ያሻግራል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ ጅቡን ያሻግርና በጉን ይዞ ይመለሳል፣ በጉን ትቶ ገብሱን ያሻግራል፣ ባዶውን ተመልሶ በጉን ይወስዳል። በጠቅላላው 7 ጉዞ። አያቴ ይሄን ጥያቄ አይወዱትም። «ጀማ ላይ ታንኳ የት አለ? ጅብስ ይዞ የሚጓዝ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይላሉ። መልስ የለኝም።

6. ሲጣበቁ መልሱን ሳይሆን መያዣውን ስጡ

ለጎረምሶች የምወደው የርግቦቹ ነው። አንዲት ወፍ የሚበሩ ርግቦች አግኝታ «መቶዎቹ እንደምን ዋላችሁ?» አለች። እነሱም «መቶ አይደለንም። እኛ፣ እኛን የሚያህል፣ የእኛ ግማሽ፣ የግማሻችን ግማሽ፣ አንቺ ተጨምረሽ መቶ እንሆናለን» አሏት። ስንት ናቸው?

የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ ወዲያው ኤክስ ብሎ ጀመረ። ሌሎቹ አለቀሱ። መያዣው ይቺ ናት፦ «የግማሽ ግማሹን አንድ እፍኝ በሉት።» ግማሹ ሁለት እፍኝ ነው፣ ሙሉው አራት፣ የሚያህላቸው ሌላ አራት። አራትና አራት፣ ሁለትና አንድ፣ 11 እፍኝ። ወፏ ስትቀነስ 99 ርግብ ለ11 እፍኝ፣ አንዱ እፍኝ 9 ነው። አራት እፍኝ 36። እነሱ 36 ናቸው። ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በጣቷ ቆጥራ ኤክስ ካለው እኩል ደረሰች። እሷ የፈለገችው እፍኟን ብቻ ነበር።

7. ለትልልቆች ቃሉን ገልብጡት

አዋቂ ዕቃ ፍለጋ ይሰለቸዋል፣ ቃል ይወዳል። «ወዳጁም ጠላ ይለዋል» በሉት። መልሱ ጠላ ነው፣ የሚጠጣው። «ደርሶም ገና የሚሉት በዓል»፦ ገና።

እዚህ ጋ ግን ጠንቀቅ በሉ። ጠላ ስትናገሩትም ስትጽፉትም አንድ ነው፣ የሚጠጣውም የሚጠላውም ይጠብቃል። ገና ግን በዓሉ ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና ነው» ስትሉ ይላላል። ስለዚህ የገናዋ በቴሌግራም ስትጽፏት ትሠራለች፣ በአፍ ስትጠይቋት ግን ወይ ራሷን ታጋልጣለች ወይ «አጭበረበርክ» ትባላላችሁ። እኔ ተብያለሁ። አለ፣ ዋና፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ቃል የምትገለብጡ ከሆነ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ በሉት።

8. ሽማግሌ ሲጠይቅ ቅዱ

ወረቀት ላይ ብቻ አትጻፉት። ያሁኑ የማጥበቅና የማላላት ነገር ከወረቀት ላይ ይጠፋል። የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጡና እርሱት፣ ሰው ፊት ከደቀናችሁት ሽማግሌ ዝም ይላል፣ ወይ ዜና አንባቢ ይሆንባችኋል። «አገር ስጠኝ» የሚለውንም እንዳታቋርጡ። የአያቴን ማታ የቀዳሁት እንዲህ ነው፤ መሐሉ ላይ የእንዝርቷ መሽከርከር ይሰማል፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ ከተኛበት ብንን ብሎ «ምን አውቅልሽ!» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።