ጃፓን ለትምህርት ስትገቡ ከስማችሁ ጀምሩ

ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ልውውጥ ጃፓን የሚገባ ኢትዮጵያዊ ተማሪን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያንከራትተው ብዙ ጊዜ የራሱ ስም ነው። ዛይርዩ ካርድ የሚባለው የመኖሪያ መታወቂያ ስማችሁን ፓስፖርት ላይ እንዳለ በላቲን ፊደል ያትመዋል። ባንክና ቀጣሪ ግን በካታካና ይጠይቋችኋል፤ የውጭ ስሞች የሚጻፉበት የጃፓን ፊደል ነው። ካታካና ቀ፣ ጠ፣ ጨ የሉትም፣ ለ እና ረንም አይለይም። ስለዚህ ብርሃኑ አንዱ ቢሮ «ቢሩሃኑ»፣ ሌላው «ቤሩሃኑ» ሆኖ ይቀራል። የባንክ ዝውውር የተቀባዩን ስም በካታካና ስለሚያመሳክር በአንዲት ፊደል ልዩነት ገንዘባችሁ ሊመለስ ይችላል። በደረሳችሁበት ቀን አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ በሄዳችሁበት ሁሉ ያንኑ ስጡ። ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙም ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ የምትጠሩት በአባት ወይም በአያት ስም ነው፤ ጆሯችሁን ለእሱ አዘጋጁ።

ናሪታ፣ ሃኔዳ ወይም ካንሳይ አየር ማረፊያ ከወረዳችሁ መታወቂያው እዚያው ኢሚግሬሽን ላይ ይሰጣችኋል። የሥራ ፈቃድ ቅጹንም ያኔውኑ ሞልታችሁ ስጡ፤ በኋላ ከሆነ ኢሚግሬሽን ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ መጠበቅ ነው። ፈቃዱ በየትኛውም 7 ቀን ውስጥ ከ28 ሰዓት በላይ አያሠራም። ሁለት ቦታ ብትሠሩ የሚቆጠረው ድምሩ ነው። በትምህርት ቤቱ ረጅም ዕረፍት ወቅት ብቻ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይፈቀዳል። አስተናጋጆች ደንበኛ የሚያጫውቱበት መጠጥ ቤትና ፓቺንኮ የሚባለው የቁማር ቤት በጽዳት ሥራም ቢሆን አትግቡ፤ ቪዛ ሊያስነጥቅ ይችላል።

ቤት በያዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ የከተማው ወይም የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አድራሻ አስመዝግቡ። አድራሻው ከካርዱ ጀርባ ይጻፋል፤ ያ ሳይጻፍ ባንክም ስልክም አይከፈትላችሁም። ቆይታችሁ ከ3 ወር በላይ ከሆነ እዚያው በብሔራዊ የጤና መድን ትመዘገባላችሁ፤ ከሕክምናው ወጪ የእናንተ ድርሻ 30 በመቶ ነው። ያለፈው ዓመት ገቢ በጃፓን እንደሌላችሁ ካላሳወቃችሁ የመድን መዋጮ ቅናሹ ሊቀርባችሁ ይችላል። ዕድሜያችሁ 20 ከሞላ የጡረታ መዋጮም አለ፤ የተማሪ የክፍያ ማራዘሚያ ጠይቁ፣ ዝም ካላችሁ የክፍያ ወረቀቱ ቤታችሁ ይመጣል።

ባንክ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ስልክ ድርጅት ደግሞ የባንክ ሒሳብ። ክቡን ለመስበር ዳታ ብቻ የሆነ ሲም ሳይሆን የጥሪ ቁጥር ያለውና ከአገር ባመጣችሁት ካርድ የሚከፈል ሲም ቀድማችሁ ያዙ። ከ6 ወር በታች የቆየን ሰው ባንኮች እንደ ነዋሪ ስለማይቆጥሩት አዲስ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በፖስታ ባንኩ፣ በዩቾ ነው።

ምግብ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ በተለይ ጾም የምትጾሙ። ሚሶ ሾርባውም፣ የኑድል መረቁም፣ አትክልት ወጥ የሚመስለውም አብዛኛው ዳሺ አለበት፤ ዳሺ በብዛት ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው። ናቶ የሚባለው የፈላ አኩሪ አተር ራሱ የጾም ነው፣ አብራው የምትመጣው ትንሽ ስጎ ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ ነች፤ አውጥታችሁ ጣሏት። ኮምቡ ከተባለ የባሕር ሣር ብቻ የተሠራ ዳሺ ገዝታችሁ ቤት ማብሰል ያሳርፋል። ማሸጊያ ላይ ያለው የአለርጂ ሠንጠረዥ እንቁላልና ወተትን የግድ ስለሚጠቅስ ለጾም ይረዳል፤ ሥጋን መጥቀስ ግን ግዴታ አይደለም። አሳማ «ቡታኒኩ» ነው። ቶንኮትሱ የተባለው ራመን (የኑድል ሾርባ) መረቁ የአሳማ አጥንት ነው፤ የአሳማ ስብ ደግሞ ዳቦና ብስኩት ውስጥም ይገባል። ምስርና ሽምብራ ቶኪዮ ውስጥ ሺን ኦኩቦ ካሉ የቅመም ሱቆች ይገኛል። ቋንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ የኳራንቲን ማረጋገጫ የሌለው ሥጋ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ጥሬ ቡናም የተክል ምርመራ ስላለበት የተቆላውን ያዙ። እዚያ «ሞካ» ተብሎ የሚሸጠው ቡና ብዙው የእኛ ነው።

ቆሻሻ በየዓይነቱና በየቀኑ ይለያል፤ ፕሮግራሙን ከጽሕፈት ቤቱ ተቀበሉ። የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ጠዋት እስከ 8 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር) ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑና ወረቀቱ ተነሥቶ ይታጠባል። ከተሳሳተ ተለጣፊ ተደርጎበት እዚያው ይቀራል፣ ጎረቤትም ያያል። አገር ከሚለቅ ተማሪ ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ ምዝገባውን በስማችሁ አዛውሩ፤ ፖሊስ አስቁሞ ሌላ ሰው ስም ካገኘ የሚያስበው ስርቆት ነው።

ድንገተኛ ሲያጋጥም አምቡላንስና እሳት አደጋ 119፣ ፖሊስ 110 ነው፤ አምቡላንሱ በነፃ ነው።

ቤት ለመደወል ሰዓት ማስላት አያስፈልጋችሁም። ጃፓን ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ስለሚለይ የጃፓን ግድግዳ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥርና እናታችሁ የምትናገረው ሰዓት አንድ ነው። እዚያ ከቀትር በኋላ 3 ሲል እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ የእነሱ ማታ 9 ሲል ደግሞ የእኛ ከቀኑ 9 ነው።