መብራት ሲጠፋ የማይቋረጥ የፎቶ ማከማቻ
የቤተሰቡ ፎቶ በየስልኩና በየፍላሹ ተበታትኖ ነበር። ርካሹ ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በቤት ኔትወርክ ፋይል የሚያከማች ሳጥን) ለመጀመር ቀላል ነው፣ ግን ባትሪ የለውም። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ መጠባበቂያ ባትሪ) ሲጨመርበት ደግሞ ርካሽነቱ ይቀራል።

ስለዚህ ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ መረጥኩ። ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጫንኩበት፣ የፎቶውን ፎልደር ሳምባ በተባለ የፋይል ማጋሪያ ፕሮግራም ለቤቱ ሰው አጋራሁ፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛም አስተካከልኩት። ዋናው ነገር ዲስኩ ነው፦ 2.5 ኢንቹ ውጫዊ ዲስክ ኃይሉን ከዩኤስቢ ስለሚወስድ ከላፕቶፑ ባትሪ ጋር ይቆያል፤ 3.5 ኢንቹ ግን የራሱ አዳፕተር ስላለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ማታ ማታ አርሲንክ የተባለ የመገልበጫ ፕሮግራም አዲሱን ፎቶ ሁሉ ወደ ሁለተኛ ዲስክ ይገለብጣል፤ ከመጀመሪያው ዲስክ የተሰረዘው ከሁለተኛውም እንዳይጠፋ የመሰረዝ አማራጩን አልከፈትኩትም። ሬይድ 1 (ሁለት ዲስኮችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚይዝ አሠራር) ይህን አይተካም፤ በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋልና።