የጠፋች ድመት ወይስ የጎረቤት? ከመውሰዳችሁ በፊት የምታደርጉት፣ የራሳችሁን ድመትም ኮላር (የአንገት ማሰሪያ) የምታስለምዱበት መንገድ

አንዲት ድመት በራችሁ ላይ ቁጭ ብላ ትጮኻለች። እግራችሁን ትታከካለች። ምግብ ስትሰጧት ቀኑን ሙሉ ያልቀመሰች ይመስል ትሰለቅጠዋለች። «ምስኪን፣ ጠፍታ ነው» ብላችሁ ታስገቧታላችሁ፣ በሩንም ትዘጋላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ድመቷ አልጠፋችም። ቤቷ ሁለት ሦስት አጥር አልፎ ነው። ያን ምሽት ባለቤቶቿ ስሟን እየጠሩ ሲፈልጓት ያመሻሉ። ለጽድቅ ያሰቡት ለኩነኔ ሆነ ማለት ይሄ ነው።

ከቤት የምትወጣ ድመት የራሷ ክልል አላት። በየቀኑ ትዞረዋለች፤ የትኛው በር እንደሚከፈትላት፣ የትኛው ቤት ትራፊ እንደሚገኝ ታውቃለች። ሁለት ሦስት ቤት የምትበላ ድመት ብርቅ አይደለችም። ስለዚህ መራቧ ማስረጃ አይሆንም፤ ጠግባም የምትለምን ሞልታለች።

የእውነት የጠፋች ድመት ባህሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ተቃራኒ ነው። የማታውቀው ቦታ ስትገባ ትደነግጣለች። መኪና ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ደረጃ ሥር ተሸጉጣ ድምፅ ሳታሰማ ትቆያለች። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ እናንተ የምትመጣ ድመት ሰፈሩን የለመደች የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው።

1. መጀመሪያ አስተውሏት

ካልታመመችና ካልተጎዳች የምትቸኩሉበት ምክንያት የለም። ለጥቂት ቀናት እዩአት። በተመሳሳይ ሰዓት እየመጣች ተመልሳ ትሄዳለች? ወደየት አቅጣጫ ነው የምትሄደው? ፀጉሯ ንጹሕና የተላሰ ነው ወይስ ተቋጥሮ ተጣብቋል? ከፈቀደችላችሁ ጀርባዋን ዳብሷት። አከርካሪዋና የጎን አጥንቶቿ ወጥተው እጃችሁን ከቆረቆሩት የሚመግባት የለም ማለት ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የምትከሳም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ጆሮዋንም እዩ። የአንዱ ጆሮ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምልክት ነው። እንዳትወልድ በሐኪም ተሠርቶላት ወደኖረችበት ቦታ የተመለሰች የሰፈር ድመት ናት። ቦታዋ እዚያው ነው፤ አዳኝ አያስፈልጋትም።

ጡቶቿ አብጠውና በዙሪያቸው ያለው ፀጉር ሳስቶ ካያችሁ ደግሞ አደራ፣ አትውሰዷት። አቅራቢያው ላይ የደበቀቻቸው ልጆች ይኖራሉ። እሷን ቤት ስትዘጉባት እነሱ በረሃብ ያልቃሉ።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜም አለ። የቆሰለች፣ መቆም ያቃታት፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። የፈራች ድመት ግን በባዶ እጅ አትያዝም። ፎጣ ጣል አድርጉባትና ከነፎጣው ወደ ሳጥን አስገቧት። ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

2. ጠይቁ

በአቅራቢያችሁ ያሉትን ቤቶች አንኳኩ። ልጆችን ጠይቁ፤ የሰፈሩን ድመት ሁሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፎቶዋን የሰፈሩ ሰው በሚያየው የመልእክት ግሩፕ ላይ ልቀቁ። ግን አንድ ምልክት ለራሳችሁ አስቀሩ፤ ለምሳሌ ሆዷ ላይ ያለውን ነጭ ነጠብጣብ። «የእኔ ናት» የሚል ሲመጣ ያንን ይንገራችሁ።

የምትያዝ ድመት ከሆነች የእንስሳት ሐኪም ማይክሮቺፕ እንዳላት በመሣሪያ ሊያይላችሁ ይችላል። ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር ትቀመጣለች። ባትሪ የላትም፤ ድመቷ ያለችበትንም ቦታ አታሳይም። የያዘችው ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቱ የሚገኘው ያ ቁጥር ስልኩ ካለበት መዝገብ ጋር ሲገናኝ ነው።

3. የወረቀት ማሰሪያ ላኩባት

እኔ ከሁሉም የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። ከተራ ወረቀት ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቅደዱ። በማይለቅ እስክሪብቶ እንዲህ ብላችሁ ጻፉበት፦ «ይህች ድመት ባለቤት አላት? ወደ ቤታችን ትመጣለች። እባክዎ ይደውሉልን።» ከሥሩ ስልካችሁን ጨምሩ። አንገቷ ላይ ላላ አድርጋችሁ ዙሩና ጫፎቹን በትንሽዬ ፕላስተር አጣብቁ። ፕላስተሩ ዙሪያውን መዞር የለበትም፤ ወረቀቱ ቅርንጫፍ ቢይዘው በቀላሉ መቀደድ አለበት። ክር፣ ሽቦ ወይም የብር ላስቲክ በጭራሽ አትጠቀሙ።

ከዚያ ልቀቋት። ባለቤት ካላት ማታ ይደወልላችኋል፣ ወይም በማግስቱ ሌላ ወረቀት ታጥቃ ትመጣለች። ባዶ አንገቷን ከመጣች ወረቀቱ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ደግማችሁ ሞክሩ።

እስከዚያው ምግብ አታብዙባት። የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ኖሯት የተለየ ምግብ የታዘዘላት ልትሆን ትችላለች። ውሃ ይበቃታል። ወተትማ ለብዙ ትልልቅ ድመቶች አይስማማም፤ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። ሳምንታት አልፈው ማንም ካልመጣ፣ ከመውሰዳችሁ በፊት በምትኖሩበት ቦታ ያለውን ደንብ ጠይቁ።

4. የራሳችሁ ድመት ኮላር ይኑራት

ይሄ ሁሉ ጥርጣሬ ድመቷ አንገት ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ቢኖር አይነሳም ነበር። «የእኔ ድመት ኮላር አትወድም» የሚል ሰው ብዙ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን 538 ድመቶችን ለስድስት ወር ተከታትሎ፣ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ኮላሩን እንዳሰሩ መጨረሳቸውን አሳይቷል።

ምርጫው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መቆለፊያው በኃይል ሲጎተት ራሱ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ጎትታችሁ ሞክሩት፤ ካልተከፈተ ተዉት። ድመት አጥርና ዛፍ ላይ ስለምትወጣ የማይፈታ ኮላር ሊያንቃት ይችላል። የሚለጠጠው የላስቲክ ዓይነትም ጥሩ አይደለም። ስትታገለው የፊት እግሯ ይሾልክበትና ብብቷ ሥር ገብቶ ሥጋዋን ይቆርጣል። ስልኩ ጨርቁ ላይ ቢጻፍ ከተንጠልጣይ ነገር ይሻላል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ ኮላር ደግሞ ለድመት አታስሩ። አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አላቸው፤ ድመትን ሊገድላት ይችላል።

5. ቀስ ብላችሁ አስለምዷት

አዲሱን ኮላር መጀመሪያ የምትተኛበት ቦታ ላይ ተዉት። ታሽትተው፣ ትርገጠው፣ የራሷን ጠረን ይያዝ። በማግስቱ ልክ ምግቧን ልታቀርቡ ስትሉ እሰሩላትና ሳህኑን አስቀምጡ። በልታ ስትጨርስ ፍቱት። በየቀኑ ጊዜውን ጨምሩ።

መጀመሪያ ላይ ግራ ትጋባለች። አንዳንዷ ወደ ኋላ ትሄዳለች። አንዳንዷ በጎኗ ትዘረጋና አልንቀሳቀስም ትላለች። በኋላ እግሯ አንገቷን ታካለች፣ ራሷን ታራግፋለች። ይሄ ያልፋል። እየታገለች ሳለ ቶሎ ብትፈቱላት መታገል እንደሚያዋጣ ትማራለች። ስለዚህ የምትወደውን መጫወቻ አውጡና ሐሳቧን አስቀይሯት፤ ስትረጋጋ ያኔ ፍቱላት። ኮላሩ አፏ ውስጥ ወይም እግሯ ላይ ከተጠመደ ግን ወዲያውኑ አውልቁት። እንዲህ ያለው ችግር በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ፣ እስክትለምድ ድረስ ኮላር አስራችሁ ብቻዋን አትተዉአት።

ልኩ አንድ ወይም ሁለት ጣት በኮላሩና በአንገቷ መካከል የሚያስገባ ነው። ብዙ ሰው በጣም ካጠበቀው ድመቷ ትታነቃለች ብሎ ያላላዋል፤ የላላው ግን መንጋጋዋና እግሯ የሚገቡበት ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ስታስሩላት አንገቷን ትወጥራለች። ከአምስት አሥር ደቂቃ በኋላ ስትረጋጋ ጣታችሁን መልሳችሁ አስገቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልል ሆኖ ታገኙታላችሁ። በማደግ ላይ ያለች ትንሽ ድመት ከሆነች በየሳምንቱ ለኩት፤ ሳታውቁት ይጠብባታል።

ኮላሩ አልፎ አልፎ ወልቆ ይጠፋል። የሚፈታ መቆለፊያ ሥራውን ሠርቷል ማለት ስለሆነ አትናደዱ፤ ሁለተኛ ኮላር አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ። ማይክሮቺፕ በምትኖሩበት ቦታ ካለ ከኮላሩ ጋር ይኑራት። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩ ደግሞ ኮላሩም ላይ የማይክሮቺፑ መዝገብም ላይ በዚያው ሳምንት ቀይሩት።