የቶዮታ ጂአር 86 ሞተር ሲያንኳኳ፦ ከዘይት መብራት እስከ ዋራንቲ ክርክር

ምልክቱ መጀመሪያ ትንሽ ነው። ረጅም የቀኝ መታጠፊያ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትነዱ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መንገዱ ሲቀና ሁሉም ሰላም ይመስላል። እባካችሁ «ሴንሰሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ክፉኛ ከወረደ በኋላ ነው። ከስር የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ዳር ይዛችሁ አጥፉት፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። «ቤት ድረስ ያደርሰኛል» እየተባለ ስንት ሞተር ተበልቷል!

የማወራው አሜሪካ ውስጥ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ስለሚሸጡት ቶዮታ ጂአር 86 እና መንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ ነው። ሁለቱም ባለ 2.4 ሊትር፣ 228 የፈረስ ጉልበት ያለው የሱባሩ ሞተር ነው ያላቸው።

ምክንያቱስ? ከሞተሩ ስር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ የሚታሸገው በፈሳሽ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮኑ ሲበዛ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይቆረሳል። ቁርጥራጩ ፓምፑ ዘይት የሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ዘይት ያጠረው የቢዬላ ብሮንዚና (ፒስተኑን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ የሚዞርበት ስስ ብረት) ከዚያ በኋላ ብረት ለብረት ይፋጫል። ወንፊቱ ንጹህ ቢሆንም፣ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ መንገድ) ላይ በረጅም የቀኝ መታጠፊያ ግፊቱ እንደሚወርድ ባለቤቶች ጌጅ ገጥመው መዝግበዋል።

የእነዚሁን መኪኖች የድሮውን ባለ 2.0 ሊትር ትውልድ የምትገዙ ሰዎችም ሲሊኮኑን አትርሱት። በ2018 ለአንዳንዶቹ የቫልቭ ሞላ ሪኮል (አምራቹ ጉድለቱን በነፃ ለመጠገን መኪኖቹን የሚጠራበት) ወጥቶ ነበር፤ ሥራው ሞተሩን ማውረድ ይጠይቃል። ከጥገናው በኋላ ሞተራቸው የተበላሸባቸው ባለቤቶች፣ ሲታሸግ በዝቶ የተቀባ ሲሊኮን የዘይት መንገድ ዘጋብን ብለው ከሰዋል። ሪኮሉ የሚመለከተው መኪና ከሆነ የሥራ ወረቀቱን ሳታዩ አትግዙ።

ዘይት ስትቀይሩ የድሮውን ፊልትሮ ቅደዱት፤ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ቁራጭ ካያችሁ ሲሊኮን ነው። እንደ አሸዋ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረት ነው። ፎቶ አንሱ፣ ፊልትሮውንም በላስቲክ አስቀምጡት። ሲሊኮን ብቻ ከሆነ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይጸዳል፣ በቀጭኑ እንደገና ይታሸጋል። ብረት ከታየና ካንኳኳ ግን ብሮንዚና ብቻ መቀየር አይበቃም። ብናኙ በየዘይት መንገዱ ገብቷል፤ ሞተር መቀየር ይሻላል። ዋራንቲ (የአምራቹ ዋስትና) ካላችሁ ኮፓውን ራሳችሁ አትፍቱት፤ «ነካክታችሁታል» የሚል ሰበብ ትሰጣላችሁ።

ከባዱ ክርክር እዚህ ነው። የሁለቱም መኪኖች የሞተር ዋራንቲ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ያበቃዋል። የውድድር ጉዳት ግን አይሸፈንም፤ ዲለሩም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትራክ ወስደኸዋል?» ነው። ቶዮታ ራሱ ለጂአር 86 ገዢ የአንድ ዓመት የሞተር ስፖርት ማኅበር አባልነትና አንድ የነፃ ትራክ ቀን ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ ትራክ መርገጥና መወዳደር አንድ እንዳልሆኑ ረጋ ብላችሁ አስረዱ። አትዋሹ ግን፤ የሞተሩ ኮምፒውተር መረጃ ይይዛል።

የ1975ቱ የፌዴራል ዋራንቲ ሕግም ከጎናችሁ ነው። ዘይት ውጭ ጋራዥ ስለቀየራችሁ ብቻ ዋራንቲያችሁ አይወድቅም። ሌላ ድርጅት የሠራው ዕቃ ቢገጠምም፣ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። የዘይትና የፊልትሮ ደረሰኞቻችሁን፣ ቀንና ማይል ያለባቸውን፣ በአንድ ፋይል ያዙ።

ዲለሩ ሞተሩን ለመፍታት ያስፈርማችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት፣ የዋራንቲ ጥያቄው ውድቅ ከሆነ የመፍቻው ሂሳብ ስንት እንደሚመጣባችሁ በቁጥር አስጽፉ። የወንፊቱም ፎቶ ይሰጠን በሉ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ አምራቹ ዋና ቢሮ ደውላችሁ የጉዳይ ቁጥር አስከፍቱ፣ የእነሱ ተቆጣጣሪ መጥቶ እንዲያይ ጠይቁ፣ ለፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት ቢሮም አመልክቱ። መኪናው እዚያው ከቀረ ደግሞ የተፈታውን ዕቃ ሁሉ እንዳይጥሉ የሥራ ወረቀቱ ላይ አስጽፋችሁ ውጡ።