ያረጀ ስፖርት መኪና ገዝቶ በሰላም ለመንዳት

ስፖርት መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። አዲስ ሳለ ለጥቂት ሰው ብቻ የነበረው መኪና ከሃያ ዓመት በኋላ በተራ የቤት መኪና ዋጋ ይገኛል። ብዙዎቻችን ወደዚህ ዓለም የምንገባው በዚህ በር ነው። ግን የወረደው የመኪናው ዋጋ ነው እንጂ የመለዋወጫው አይደለም። ዲስኩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ አሞርዛተሩም ዛሬም የስፖርት መኪና ዕቃ ናቸው፣ የሚሸጡትም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ግዢው ላይ አታፍስሱ። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ጠቀም ያለ ገንዘብ የማይተርፋችሁ ከሆነ አነስ ያለ ሞዴል ግዙ፣ ወይም ትንሽ ቆዩ።

ሌላው የኪሎ ሜትር ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። እኔ ግን 180 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለትንና ደረሰኙ የተቀመጠለትን መኪና፣ 60 ሺህ ብቻ ሄዶ ለዓመታት ከቆመው አስበልጣለሁ። ሲቆም ጎሚኒው (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያለው ላስቲክ) ይደርቃል። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ፓራኦሊዮ ይሰነጠቃል። ቤንዚኑ ታንኩ ውስጥ ይበላሻል፣ የፍሬን ዘይቱ ከአየር ውሃ ይስባል፣ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ይደነድናል። ያረጀ ስፖርት መኪና ላይ የምትከፍሉት አብዛኛው ገንዘብ ዕድሜ ያበላሸውን ለማደስ ነው፤ መንገድ የጨረሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ ከዚሁ የመነጨ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ደረሰኝ ጠይቁ። «ሁሌ ሰርቪስ ይደረግለት ነበር» የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይጠቅምም። መቼ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ምን ተቀየረ የሚል ወረቀት ነው የምትፈልጉት። ወረቀት ከሌለ ምንም አልተሠራለትም ብላችሁ አስቡና በዚያ ሒሳብ ተደራደሩ።

ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው አደራ በሉት። ስትደርሱ ሞተሩ ያለበትን በኩል በእጃችሁ ዳስሱ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የሞተር ገመና የሚወጣው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው። የሰንሰለት ኳኳታም ሆነ የጭስ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይታወቃል። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ካያችሁ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሄዷል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ከልክ በላይ እየገባ ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል።

ከዚያ መመርመሪያ መሣሪያ ሰኩበት። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት አለመኖሩ ብቻ አያዘናጋችሁ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ተሰርዞ ከሰዓት መኪናው ሊታይ ይችላል። መሣሪያው የመኪናው የራስ ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ ያሳያል። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮድ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቁት።

ጎማውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 3519 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በጥንቃቄ ይታይ፣ አሥር ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣል። ጎማ ስለ ባለቤቱም ይናገራል። ኃይለኛ ስፖርት መኪና ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ፣ ያውም ርካሽ ጎማ ያሰረ ሰው ለማይታየው ዘይትና ፊልትሮ ብዙ አውጥቷል ብዬ አላምንም።

በመጨረሻ ሞዴሉን የሚያውቅ መካኒክ ዘንድ ወስዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ ከሥር አሳዩት። የሲሊንደር ግፊት ምርመራም ጨምሩ። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ምንም አይደለም፤ ሻጩ እንቢ ካለ ትታችሁት ሂዱ። ደግሞ ያልተነካካ መኪና ፈልጉ። ዝቅ የተደረገ፣ ማርሚታው የተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ የተነካካ መኪና ማን በምን እውቀት እንደሠራው አይታወቅም።

የሞዴሉን በሽታ እወቁ

ሁሉም ሞዴል የታወቀ የራሱ በሽታ አለው። እሱን ሳያውቁ መግዛት ነው አደጋው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2009 የተመረተው ሆንዳ ኤስ2000 ጠንካራ ሞተር አለው፣ ባለ 2 ሊትሩ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርሳል። ግን በከፍተኛ ዙር ሲነዳ ዘይት ይበላል፣ የሰንሰለቱ መወጠሪያም ሲያረጅ ይንኳኳል። ማዝዳ አርኤክስ-8 ባለ ሮታሪ ሞተር ነው፣ ማለትም በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር አካል ያለው። ዘይት እንዲያቃጥል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ በየጊዜው መጨመር ግድ ነው። ቀዝቃዛውን አስነስታችሁ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ወዲያው ብታጠፉት ቤንዚን ሊያጥለቀልቀው ይችላል፣ ከዚያ አልነሳም ይላል። የግፊት ምርመራውም ለሮታሪ በተሠራ መሣሪያ ካልሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ኢ46 በሚባለው ቢኤምደብሊው ኤም3 ደግሞ የኋላውን እግር የሚሸከመው ብረት ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ይሰነጠቃል። ያለ ሊፍት አይታይም።

ለጀማሪ ምረጥ ብባል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው የምመርጠው። ቀላል ነው፣ ዕቃው ይገኛል፣ ሞተሩም ታጋሽ ነው። የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስጠብቀው ቺንጋ (ቀበቶ) በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዓመታት ካስቆጠረ መቀየር አለበት። እዚያ ድረስ ለመግባት ብዙ ስለሚፈታ የውሃ ፖምፑ አብሮ ይቀየር። የኤምኤክስ-5 ጠላት ዝገት ነው፣ በተለይ ከበሩ ሥር ያለው ብረት።

ሰው በጣም የሚመኘው ግን ፖርሽ ቦክስተርን ነው፣ እኔም ስለሱ ትንሽ ልቆይ። የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2004 ተሠራ። ሞተሩ ውስጥ ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ከካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን ከሚከፍቱት ዘንጎች) ጋር በሰንሰለት የሚያገናኝ መካከለኛ ዘንግ አለ፣ ይህን ዘንግ በካምቢዮ በኩል የምትደግፍ አንዲት ኩሽኔታ አለች። እሷ ከተሰበረች ሰንሰለቱ ጊዜውን ይስታል፣ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀ። ሁሉም መኪና ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን አስጠንቅቆ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፍሪሲዮን ሊቀየር ካምቢዮው ሲወርድ ኩሽኔታዋም አብራ ትቀየር። ሁለት ጊዜ የጉልበት ዋጋ አትክፈሉ። ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት ትልቅ ኩሽኔታ አላቸው። እሷ ሞተሩ ሳይከፈል አትወጣም፣ የመሰበር ወሬዋ ግን በጣም ያነሰ ነው። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ዘንጉ ራሱ ቀርቷል።

እስከዚያው ፊልትሮው ወሬ ያቀብላችኋል። የቦክስተር ዘይት ፊልትሮ ከመኪናው ሥር ባለ የፕላስቲክ ጣሳ ውስጥ ነው። ዘይት ስትቀይሩ ጣሳው ውስጥ የቀረውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። የፊልትሮውን ወረቀት በስለት ቆርጣችሁ እጥፋቱን ዘርጉና ብርሃን ላይ እዩት። ቡናማ የፕላስቲክ ቅንጣት ከሰንሰለቱ መንሸራተቻ ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቢሆን አያስደነግጥም። የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔት የሚያነሳው ከሆነ የኩሽኔታ ብረት ሊሆን ይችላልና መኪናውን ሳትነዱ መካኒክ ጥሩ።

ሁለተኛው የቦክስተር ጣጣ ውሃ ነው። የጨርቅ ጣሪያው ከሚታጠፍበት ግራና ቀኝ የዝናብ ውሃ ማውረጃ ቀዳዳ አለ። ቅጠልና አቧራ ሲደፍነው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉን ያርሳል፣ በግራው ወንበር ሥር ያለውን የመቆለፊያና የማስነሻ ኮምፒውተር ያጠፋል። ከዚያ መኪናው አይነሳም፣ ሰዉም ባትሪና ሞተር ሲመረምር ይውላል። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀዳዳው ላይ አፍስሱና ወደ ታች መውረዱን እዩ። ካልወረደ በለስላሳ የናይሎን ሽቦ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ በአየር ግፊት አትምቱት፣ ቱቦው ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል። ኤምኤክስ-5ም ከወንበሩ ጀርባ ተመሳሳይ ቀዳዳ አለው፣ የበር ሥር ዝገቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ወር

መኪናው እጃችሁ ሲገባ ቸርኬና ማርሚታ አትፈልጉ። መጀመሪያ ፈሳሹን ሁሉ ቀይሩ፦ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት። የድሮው ባለቤት ያለው ምንም ይሁን፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትቆጥሩት የራሳችሁን ነው።

የፍሬን ዘይቱን ቸል አትበሉ። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ መኪናው ባይነዳም።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ክፍል ነው። ያረጀ ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ወይ እንደ ዳቦ ይለሰልሳል ወይ ይንኮሻኮሻል፣ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። የፕላስቲክ ኩላንት ታንክና ክዳኑ በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፣ ከመሰንጠቃቸው በፊት መቀየር ይሻላል። ቦክስተር ላይ ራዲያተሮቹ ከፊት ፓራውልት ጀርባ ግራና ቀኝ ናቸው፣ ቅጠልም ይሞላቸዋል። ፓራውልቱን አውልቃችሁ ካላጸዳችሁ የሞተሩ ሙቀት ከልክ በላይ ይጨምራል፣ ራዲያተሩም ከሥር ይዝጋል።

ከዚያ እግሩ። አሞርዛተርና ጎሚኒ ቀስ በቀስ ስለሚሄዱ ባለቤቱ ይለምደዋል እንጂ አያውቀውም። ያረጀ ስፖርት መኪና «ሰፊ ሆኖ ይንሳፈፋል» ከተባለ ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ነው። ቀይራችሁ የጎማ አሰላለፉን ስታስተካክሉ መኪናው እንደገና ይወለዳል፤ ከየትኛውም የሞተር ማሻሻያ የበለጠ ደስታ የሚሰጠው ይሄ ነው።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ቡሎንን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ አንድ ቶርክ መፍቻ ግዙ። እነዚህ ሞተሮች አብዛኛው አካላቸው አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎን በግምት ሲጠብቅ ጥርሱ ይነቀላል። የዘይት ማፍሰሻውን ሮንዴላም ሁሌ ቀይሩ።

አነዳድና ቋሚ እንክብካቤ

የሙቀቱ መርፌ መሀል ሲደርስ የሚነግራችሁ ስለ ኩላንቱ ነው። ዘይቱ ገና ነው፣ ብዙ ጊዜ እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ በዝግታ ከነዳችሁ በኋላ ግን አትፍሩት፣ ዙሩን ከፍ አድርጉት። ሁልጊዜ በዝቅተኛ ዙር ብቻ የሚነዳ ስፖርት ሞተር ካርቦን ይጠራቀምበታል። በጣም የሚጎዳው የአምስት ደቂቃ ጉዞ ነው፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ለመትነን ጊዜ አያገኝም።

ዘይቱን በዓመት አንዴ ወይም በየ8 እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ቀድሞ በደረሰው ቀይሩ። የአንዳንዱ መኪና መጽሐፍ ከ20 ሺህ በላይ ቢፈቅድም ያ የተጻፈው ለአዲስ ሞተር ነው። የዘይቱን ልክ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እዩ። የሠራችሁትን ሁሉ ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ፣ ነገ ስትሸጡት እናንተም ደረሰኝ ትጠየቃላችሁ።

ለወራት ሊቆም ከሆነ

አዲስ ዘይት ቀይራችሁ አቁሙት፣ የቆየው አሲድ አለበት። ታንኩን ሙሉት። ጎማውን በትንሹ ከልኩ በላይ ንፉ። የእጅ ፍሬኑን አትያዙ፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር ሊጣበቅ ይችላልና ጎማውን በሽብልቅ ደግፉ። ባትሪው ላይ የሚንከባከብ ቻርጀር አድርጉ፤ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። በየሳምንቱ አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ወይ ግማሽ ሰዓት ንዱት ወይ ጭራሽ አትንኩት።

ስታወጡት መጀመሪያ ከሥር የተንጠባጠበ ነገር እንዳለ እዩ፣ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ፣ አይጥ ጎጆ ልትሠራበት ትችላለች። ዲስኩ ላይ ያለው ስስ ዝገት ከጥቂት የዝግታ ፍሬን በኋላ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ የአንዱ ጎማ የፍሬን ፒስተን ተጣብቋልና ሳትፈጥኑ ወደ ጋራዥ መልሱት።