የዘመድ መቃብር ስትፈልጉ የክርስትና ስሙን ያዙ

ጎጃም ገጠር ውስጥ የቆየ መቃብር ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለም። የድንጋይ ክምር ነው የምታገኙት። በዓለም ስሙ ብትጠይቁም ካህናቱ ላያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከቤተሰቡ አዛውንቶች ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሟቹን የክርስትና ስምና የነፍስ አባቱን። ፍትሐቱም ተዝካሩም የተደረገው በክርስትና ስሙ ነው። የነፍስ አባቱ በሕይወት ባይኖሩ እንኳ የት ደብር ያገለግሉ እንደነበር ከታወቀ ፍለጋው ወደ አንድ አጥቢያ ይጠብባል።

ከተቻለ በታቦቱ ዓመታዊ ንግሥ ቀን ሂዱ፤ ለምሳሌ ደብሩ ጊዮርጊስ ከሆነ ሚያዝያ 23። ሌላ ጊዜ የማይገኙ ሽማግሌዎች ያን ቀን ይመጣሉ። «እገሌ ከዋርካው ሥር ነው» የሚሏችሁ እነሱ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቶ ከሆነ ግን አፅሙ ተነሥቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አለቃውን አነጋግሩ።