ለውሻ የአሳማ ሥጋ፦ ጥሬው ለምን እንደማይሰጥና እንዴት እንደሚዘጋጅ

የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ፣ ሥጋው ወደ ብዙ ቤት ከገባ የሚገባው ለውሻ ተብሎ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላበትን ድስት በአሳማ ሥጋ የሚያስነካ ስለማይገኝ፣ ከፌስታል የወጣው ሥጋ ሳይቀቀል ለውሻው ይወረወራል። ውሻ ጥሬ ሥጋ አይጎዳውም ተብሎ ስለሚታመን ነገሩን መለስ ብሎ የሚያስበው ጥቂት ነው። እኔ ግን ጥሬ የአሳማ ሥጋ ለውሻ ፈጽሞ መሰጠት የለበትም ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ የሚነሳው ትሪኪኔላ የሚባለው ትል ነው። የትሉ እጭ በአሳማው ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ሥጋውን አገላብጦ በማየት መለየት አይቻልም። በዘመናዊ በረት ተዘግተው ባደጉ አሳማዎች ላይ ዛሬ እምብዛም አይገኝም፤ በትራፊ የሚቀለቡ፣ አይጥ የሚበሉና በየሜዳው የሚለቀቁ አሳማዎች ግን ያሰጋሉ። ውፍረቱ ከ15 ሴንቲሜትር ያልበለጠ የቤት አሳማ ሥጋ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ቀን ከቆየ እጩ ይሞታል። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ሰፈር ግን የቤት ፍሪዘር 20 ቀን ሙሉ ያንን ቅዝቃዜ ስለመጠበቁ ማን ዋስ ይሆናል?

ከትሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ የአውጄስኪ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው በ1902 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው የሃንጋሪ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ «ሐሰተኛ የእብድ ውሻ በሽታ» ተብሎም ይጠራል። ቫይረሱን የተሸከመ ትልቅ አሳማ ምንም የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጥሬ ሥጋውን ወይም የሆድ ዕቃውን የበላ ውሻ ግን ፊቱን እስኪደማ ያካል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። ፍሪዘርም እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ ቫይረሱን የሚያጠፋው እሳት ነው። አሜሪካ በሽታውን በ2004 እ.ኤ.አ. ከእርባታ አሳማዎቿ አጥፍታለች፤ በዱር አሳማዎች ላይ ግን አሁንም ስላለ፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖች ከአዳኝ ጎረቤት የሚመጣላቸውን ሥጋ ለውሻቸው ጥሬውን መስጠት የለባቸውም።

ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ውሻውን ሳያሳምሙ በአፉና በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ልጆች ይተላለፋሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ አሮጌ ድስት፣ አንድ ቢላዋና አንድ መክተፊያ ለውሻው ብቻ ይመድቡ፤ የከሰል ምድጃ ካለዎት በጓሮ ይጣዱት። ጮማውን ገፈው ያውጡ፤ ብዙ ስብ የውሻን ቆሽት ያሳብጣል፣ አንዳንዴም ይገድላል። ቀዩን ሥጋ በአውራ ጣት ውፍረት ቆራርጠው በንጹሕ ውሃ ይቀቅሉት። ጨው፣ በርበሬ፣ በተለይም ቀይና ነጭ ሽንኩርት አይግቡበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርስ የተረፈ ቁሌት ማላወስም አይገባም። የሥጋው መሐል 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር ከሌለዎት ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያንተክትኩትና ወፍራሙን ቁራጭ ሰንጥቀው ይዩ፤ ቀላ ያለ ፈሳሽ ከወጣ ወደ ድስቱ ይመልሱት። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል።) ሲቀዘቅዝ በላዩ የረጋውን ስብ ገፈው ይጣሉ። አጥንቱንም አይስጡ፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላም ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል።

ውሻው ጥሬውን አስቀድሞ በልቶ ከሆነ በራስዎ ለማስመለስ አይሞክሩ። ለአሥር ቀን ያህል በቅርብ ይከታተሉት፤ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ምግብ ከጠላ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ማከክና ለሃጭ ካዩ ግን አይንኩት፣ ልጆችንም ያርቁ፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ ሁለቱን በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሐኪም ጠርተው ሥጋው ከየት እንደተገዛ፣ መቼ እንደተበላና ውሻው ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበው መቼ እንደሆነ ይንገሩት፤ ለሃጩ የነካው ሰው ካለም የነካውን ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።